በሽንፋ ቆላ የማሳ ወሰንና የዱር ኦርኪድ



የዛሬው ንግግሬ የሚነሣው በምዕራብ ጎንደር፣ በመተማ ወረዳ፣ ከሽንፋ ከተማ አጠገብ ካደረግሁት የአንድ ቀን የመስክ ጉዞ ነው። የሄድሁት ሁለት ነገሮችን ፍለጋ ነበር፦ የዱር ኦርኪዶችንና የቆዩ የማሳ ወሰን ምልክቶችን። የዕፅዋት ተመራማሪ ከወሰን ምን አለው የሚል ቢኖር መልሱ አጭር ነው፤ ሁለቱም የሚገኙት ማረሻ ባልነካው መሬት ላይ ነው።

ጊዜውን መምረጥ ቀላል አልነበረም። የወሰን ምልክት ጎልቶ የሚታየው በበጋ፣ ሣሩ በእሳት ካለቀ በኋላ ነው። በመሬት ላይ የሚበቅለው የቆላ ኦርኪድ ግን በዚያ ወቅት በአፈር ውስጥ ተሰውሮ ይቆያል። ክረምቱ ሲገፋ ደግሞ ሣሩ ከሰው ቁመት በልጦ ሁለቱንም ይሸፍናል። ስለዚህ የተረፈን የመጀመሪያው ዝናብ የሚጥልበት፣ ከግንቦት መጨረሻ እስከ ሰኔ መጀመሪያ ያለው ጊዜ ብቻ ነበር።

በደጋ ያደገ ሰው ወሰን ሲባል ድንጋይ ይታየዋል። በሽንፋ ሜዳ ግን አፈሩ ጥልቅ ዋልካ ነው፤ ሲርስ ያብጣል፣ ሲደርቅ ይሰነጠቃል፣ የተተከለውንም ድንጋይ ከዓመት ዓመት ያጋድለዋል። መንገድ የመሩን አዛውንት ገበሬ በ1995 ዓ.ም. በተጀመረው የሰፈራ ፕሮግራም ከደጋ የመጡ ናቸው። «እዚህ ድንጋይ ምስክር አይሆንም» አሉን። እርሳቸው ያሳዩን ምልክት ሆን ተብሎ ሳይቆረጥ የቀረ የክርክራ ዛፍ፣ ቀጥሎም ትልቅ ኩይሳ፣ በመካከላቸውም ሁለቱ ጎረቤቶች ሳያርሱ የተዉት፣ ስፋቱ ሁለት እርምጃ ያህል የሆነ መስመር ነው። ወሰን ተገፋ የሚል ክርክር ሲነሣ ሽማግሌዎች የሚቆሙት እዚያ መስመር ላይ ነው። «የቆየ» ያልሁትም በሰፋሪው ዕድሜ ነው፤ ከዚያ በፊት መሬቱን እያሳረፉና እየተዘዋወሩ ያርሱ ለነበሩት የጉሙዝ ሰዎች እንዲህ ያለ ቋሚ መስመር ብዙ ትርጉም የነበረው አይመስለኝም።

እግረ መንገዴን ላንሣው፤ ከዚያ በስተምዕራብ ያለው ትልቁ ወሰን የተሠራው በሌላ መንገድ ነው። እ.ኤ.አ. በ1902 ዐፄ ምኒልክ ከእንግሊዝ ጋር የተፈራረሙትን ውል ተከትሎ፣ በ1903 ሻለቃ ግዊን መስመሩን ሲያመለክት የኢትዮጵያ ተወካይ አብሮት አልነበረም። ክርክሩ እስከ ዛሬ አልበረደም። የሽንፋ ገበሬዎች ግን ጎረቤቱ ሳይቆም ወሰን አይለዩም።

ኦርኪዱን ያገኘነው በዚያው መስመር ላይ፣ ከክርክራው ሥር ነው። ወገኑ ዩሎፊያ ነበር፤ ቅጠሉ ገና በወጉ ሳይወጣ ቀጥ ብለው የቆሙ አሥራ አንድ የአበባ ዘንጎች ቆጠርሁ። ግራና ቀኝ ባሉት የሰሊጥ ማሳዎች አንድም አልነበረም። ምክንያቱ ግልጽ ነው። የኦርኪድ ዘር እንደ አቧራ የደቀቀ፣ ስንቅ የሌለው ነው፤ ለመብቀል በአፈር ውስጥ ካለ ፈንገስ ምግብ ማግኘት አለበት። የሚታረስ መሬት ፈንገሱንም፣ ከመሬት በታች ያለውን ግንድም ያውካል።

በኢትዮጵያ ከ160 በላይ የኦርኪድ ዝርያዎች ተመዝግበዋል፤ እ.ኤ.አ. በ1997 የታተመው የኢትዮጵያና የኤርትራ ፍሎራ 6ኛ ቅጽ ይህን ቤተሰብ ያካትታል። በዚህ ረገድ ቆላው እንደ ድኻ ይቆጠራል። እኔ ግን ድኽነቱ በከፊል የሰብሳቢው ይመስለኛል፤ አበባው በሚወጣበት ሰሞን የዋልካውን መንገድ መኪና አይደፍረውም።

አሁን ወደሚያሳስበኝ ነገር ልምጣ። የክልሉ የገጠር መሬት አዋጅ ቁጥር 133/1998 ከወጣ ወዲህ የይዞታ ደብተር ተስፋፍቷል፤ በሁለተኛው ደረጃ ምዝገባም ወሰኑ በካርታና በመጋጠሚያ ነጥቦች ይሰፍራል። ይህን አልቃወምም። ደብተሩ የባልንም የሚስትንም ስም ይይዛል፣ የብዙ ሰው ክርክርም አሳጥሯል። ነገር ግን ወሰኑ በወረቀት ላይ ከሰፈረ ሁለት እርምጃው መሬት ለምስክርነት አያስፈልግም፤ ሰሊጥ ይዘራበታል። የአዛውንቱ ልጅ ይህንኑ ሐሳብ ለአባቱ አቅርቧል። አባትየው እስካሁን እሺ አላሉም፤ ምክንያታቸው ግን አበባው ሳይሆን ጎረቤታቸው ነው።

ስለዚህ ለዚህ ፋኩልቲ የማቀርበው ሐሳብ ውሱን ነው። የመሬት አስተዳደር ተማሪዎች ለልኬታ ልምምድ ሲወጡ ጊዜውን ወደ ሰኔ መጀመሪያ ያምጡት፤ የዕፅዋት ተማሪዎችም አብረው ይውጡ። በመስክ ቅጹ ላይ ሦስት ዓምዶች ይጨመሩ፦ ያልታረሰው መስመር ስፋት፣ በምልክትነት የቆመው ዛፍ ስም፣ ከሥሩ የበቀለው።