መለኪያው ያላየው ሕመም



ሐኪም ያልሆነ መሐንዲስ ስለ ድብርት በሽታ ሊናገር ሲነሣ «ምን አገባው?» መባሉ አይቀርም። ነገር ግን ጉዳዩ በከፊል የመለኪያ ጉዳይ ስለሆነ፣ መለኪያ ደግሞ የዘወትር እንጀራችን ስለሆነ ጥቂት ጊዜያችሁን እሻለሁ።

በብዙ አገሮች የተደረጉ ጥናቶች እንደሚያሳዩት ድብርት አለባቸው ተብለው የሚመዘገቡት ሴቶች ከወንዶች በእጥፍ ገደማ ይበልጣሉ። ራሳቸውን በማጥፋት የሚሞቱት ግን በአብዛኞቹ አገሮች ይልቁንም ወንዶች ናቸው። ሁለቱ ነገሮች አይገጣጠሙም። የግፊት መለኪያው ዝቅ ብሎ እየታየ ቧንቧው የሚፈነዳ ከሆነ አስቀድሞ የሚጠረጠረው መለኪያው ነው።

ይህን ጥርጣሬ ያጠናከረችው በባልቲክ ባሕር ላይ የምትገኘው የስዊድን ደሴት ጎትላንድ ናት። እ.ኤ.አ. በ1983 እና በ1984 ቮልፍጋንግ ሩትስ የተባሉት የአእምሮ ሐኪምና ባልደረቦቻቸው በደሴቲቱ ጠቅላላ ሕክምና ለሚሰጡት ሐኪሞች ድብርትን ለይቶ ስለማወቅና ስለማከም ትምህርት ሰጡ። ውጤቱም ፈጥኖ ታየ፤ የፀረ ድብርት መድኃኒት ትእዛዝ ጨመረ፣ የማስታገሻ ኪኒን ትእዛዝ ቀነሰ፣ በሕመሙ ምክንያት ከሥራ መቅረት ቀነሰ፣ ራስን ማጥፋትም በግልጽ አሽቆለቆለ። ትምህርቱ ካበቃ ከጥቂት ዓመታት በኋላ ቁጥሩ ወደ ቀድሞው መጠጋቱ፣ ጥገና የተነፈገ ሥራ ምን እንደሚሆን ለምናውቅ ለእኛ አያስደንቅም።

የሚያስደንቀው ሌላ ነው። የቀነሰው በአመዛኙ የሴቶቹ ሞት ነበር፤ የወንዶቹ እምብዛም አልተነካም። ጉዳዩ ሲመረመር፣ ከሞቱት ወንዶች ብዙዎቹን ሐኪሞች አያውቋቸውም፤ ፖሊስና የማኅበራዊ ጉዳይ ሠራተኞች ግን ያውቋቸዋል። ቁጣና መጠጥ እንጂ እንባና ሐዘን አልታየባቸውምና። ከዚህ በመነሣት የደሴቲቱን ስም የያዘ፣ ብስጭትንና መጠጥን ጭምር የሚጠይቅ፣ 13 ጥያቄዎች ያሉት የወንዶች ድብርት መለኪያ ተዘጋጀ። የደሴቲቱ ሕዝብ ጥቂት ስለሆነ ከቁጥሩ ብዙ መደምደም አይገባም ያሉ ተቺዎች አሉ፤ ትችታቸውም ተገቢ ነው። የሴቶቹ ብልጫ ሁሉ የመለኪያ ስሕተት ነው ማለትም የወሊድን፣ የድህነትንና የጥቃትን ጫና መካድ ይሆናል።

ሕክምናው በወንድና በሴት እምብዛም አይለያይም። እ.ኤ.አ. በ1950ዎቹ ኢሚፕራሚን ከተገኘ ወዲህ የመጡት የተለመዱት መድኃኒቶች ለመሥራት ሳምንታት ይፈጃሉ፤ ሻል ሲልም ሐኪም ሳያማክሩ በድንገት ማቋረጥ አይገባም። በንግግር የሚሰጠው የሥነ ልቦና ሕክምናም ለሁለቱም ይረዳል። ይህ ሁሉ ግን ሐኪም ፊት ለቀረበ ሰው ነው።

አሁን ወደ ሥራ ሜዳችን ልመለስ። ከቤተሰቡ ርቆ በካምፕ የሚኖር፣ ሙያውን አሳምሮ የሚያውቅ ፎርማን በድንገት ጠበኛ ሲሆን፣ ማታ መጠጥ ሲያበዛ፣ ጠዋት ሲያረፍድ የምናደርገው የታወቀ ነው፤ የመጀመሪያ ማስጠንቀቂያ፣ ሁለተኛ ማስጠንቀቂያ፣ ስንብት። እርግጥ፣ የጠጣ ሁሉ ሕመምተኛ አይደለም፤ የሥራ ደንብም ያለ ምክንያት አልተጻፈም። ቢሆንም ከሁለተኛው ደብዳቤ በፊት አለቃው ሰውየውን ለብቻው ጠርቶ ስለ እንቅልፉና ስለ ምግብ ፍላጎቱ፣ መኖር አስጠልቶትም እንደሆነ በግልጽ ቢጠይቀው መልካም ነው። እንዲህ ያለው ጥያቄ ሐሳቡን በሰው ልብ አይዘራም። ወደ ሐኪም የሚሄድበትን ፈቃድ ቢፈርምለት ደግሞ ከሥራው የሚጎድለው ግማሽ ቀን ነው።