ቤት የገባን ንብ ሳይገድሉ ስለ ማስወጣት

ዛሬ የምንነጋገረው ቤት ስለ ገባ ንብ ነው። ንብን እናንተ ከእኛ ይበልጥ ታውቁታላችሁ። ቢሆንም መርካቶ ውስጥ ያየነውን ስሙን።

እኛ ተማሪዎቹ ያረፍንበት ግቢ ከምናለሽ ተራ ብዙ አይርቅም። ጊዜው የአደይ አበባ ወር ነበር። አንድ ቀን በቆርቆሮው ጣሪያና በኮርኒሱ መካከል ንብ ሲመላለስ አየን። ከእኛ አንዱ ፍሊት ይዞ መጣ፤ ሌላው በዱላ ጫፍ ጨርቅ ጠምጥሞ ነጭ ጋዝ ነከረበት። ተምረናል ባዮቹ እኛው ነበርን!

ማር ሊሸጡ ከሆለታ በኩል የመጡ አንድ አባት የቤቱ እመቤት ዘመድ ነበሩ። «ተው ልጆቼ፣ ሰፈሩን ልታነዱት ነው?» ብለው ያዙን። እውነታቸውን ነው። መርካቶ ቤቱ ከቤት፣ ሱቁ ከሱቅ የተጣበቀ ነው። በ2017 ዓ.ም. ጥቅምት ወር ሸማ ተራ በተነሣው ቃጠሎ ብዙ ነጋዴ ንብረቱን አጥቷል። «ፍሊቱስ?» አልናቸው። መርዝ የነካውን ማር ሌላ ንብ መጥቶ ወደ ቀፎው ይወስደዋል፤ ሰውም አይበላውም። ንቡ ቢያልቅ እንኳ እንጀራው እዚያው ቀርቶ ይበሰብሳል፤ ጉንዳን ይጠራል፤ ማሩ በኮርኒሱ ይንጠባጠባል።

ለመሆኑ ንብ ለምን ቤት ይገባል? አበባ ሲበዛ ንቡ ይራባል፤ ቀፎው ይጠበዋል። ያን ጊዜ አሮጊቷ አውራ ግማሽ ያህሉን አስከትላ ትወጣለች። (አውራ እንላታለን እንጂ ሴት ናት።) መንጋው መጀመሪያ ዛፍ ወይም አጥር ላይ ተንጠልጥሎ ያርፋል። ገና የሚጠብቀው ማርና እጭ ስለሌለው፣ ካልነኩት ብዙውን ጊዜ አይናደፍም። ልጆችን ማራቅ ብቻ ነው፤ ከጥቂት ሰዓት እስከ ጥቂት ቀን ቆይቶ በራሱ ይሄዳል። ቀፎ ያለው ሰው ደግሞ በወይራ የታጠነና ሰም የተቀባ ቀፎ ከሥሩ አድርጎ ወደ ማታ ቢያራግፈው ይገባለታል። እንጀራ ከሠራ በኋላ ግን ቤቴ ብሎ ይዋጋል።

የእኛው እንጀራ ሠርቶ ነበር። አባትየው ፀሐይ እስክታዘቀዝቅ ጠበቁ፤ ለቀሰም የወጣው ንብ ማታ ይገባልና። ጎረቤት በሩን እንዲዘጋ አስነገሩ። ፊታቸውን በስስ ነጠላ ሸፈኑ፤ እጅጌያቸውንና የሱሪያቸውን ጫፍ አሰሩ። ኩበት በጣሳ አጨሱ፤ ውኃ በባልዲ ከአጠገባቸው አስቀመጡ። ነበልባል የለም፣ ጥቂት ጭስ ብቻ። ንብ ጭስ ሲሸተው ማር ሊጠጣ ይሯሯጣል፤ ሆዱ ሲሞላ ቁጣው ይበርዳል። ከዚያ ኮርኒሱን በቀስታ ከፍተው እንጀራውን አንድ በአንድ ቆረጡ። እጭ ያለበትን ቀፎው ውስጥ በክር አሰሩት፤ ማር ያለበትን በባልዲ ከደኑት። ንቡን በላባ እየጠረጉ ወደ ቀፎው አስገቡት። አውራዋ ስትገባ የቀረው ተከተላት።

በዱላ ሊያቃጥል የነበረው ጓደኛችን ተነደፈ። ሊጨፈልቀው ሲል «ተው! ሽታው ሌላውን ይጠራል» አሉት። ንብ ሲናደፍ መንደፊያው ሥጋ ውስጥ ይቀራል፤ መርዝ መርጨቱንም አያቆምም። ስለዚህ ቶሎ ብሎ በጥፍር መፋቅ ነው። ከተነደፈ በኋላ ፊቱ የሚያብጥ ወይም ትንፋሽ የሚያጥረው ሰው ግን ሳይዘገይ ጤና ጣቢያ ይወሰድ፤ ሊሞት ይችላል።

አባትየው የቀፎውን አፍ አየር በሚያስገባ ጨርቅ አስረው ጎህ ሳይቀድ በጭነት መኪና ወደ አገራቸው ሄዱ። ሆለታ ከአዲስ አበባ 40 ኪሎ ሜትር ያህል ነው፤ የንብ ምርምር ማዕከልም ያለው እዚያ ነው። እዚሁ ሰፈር ቢያስቀምጡት ኖሮ ቀሳሚው ወጥቶ ወደ ኮርኒሱ ይመለስ ነበር። እኛም የቀረውን ሰም ፍቀን ቀዳዳውን በጭቃ መረግን። በማግስቱ ጥቂት ንቦች መጡ፤ የተመረገውን ቦታ ዞር ዞር ብለው አይተው ሄዱ።