ኳሷ አልፋ ነበር?

እሷ፦ ቆሰበር ከተማ ኳስ የሚያሳይ ዲኤስቲቪ ቤት የገባ ሰው ዳኛ ሲሰደብ ሳይሰማ አይወጣም።

እሱ፦ ስድብ ብቻ? «ተገዝቷል!» ነው የሚባለው። እኔን እስካሁን የምታንገበግበኝ ግን የጥቅምት 3 ቀን 2006ቷ የዓለም ዋንጫ ማጣሪያ ናት። አዲስ አበባ ስታዲየም፣ ከናይጄሪያ ጋር። የሳላዲን ሰኢድ ኳስ መስመሩን አለፈች ብለን ዘለልን፤ ዳኛው ዝም! ከዚያ 2 ለ 1 ተሸነፍን፤ ያውም መጨረሻ ላይ በፍጹም ቅጣት ምት።

እሷ፦ አድልቶ ነው እያልክ ነው?

እሱ፦ እኔ ብቻ ነኝ ያልኩት? አገር ምድሩ ነው!

እሷ፦ እስቲ የመስመር ዳኛው የት እንደሚቆም አስብ። ኦፍሳይድ ለማየት ከተከላካዮች ትይዩ ነው። ኳሷ ድንገት ስትመታ ጎል መስመሩ ጋ አይደርስም፤ ኳሷ ደግሞ ሙሉ በሙሉ ካላለፈች ጎል አይባልም። በጎን እያየ ምን ያድርግ?

እሱ፦ የሚያበግነኝ ምን መሰለሽ? የዚያ ማጣሪያ አሸናፊ የሚሄድበት የብራዚሉ ዓለም ዋንጫ የጎል መስመር ቴክኖሎጂ የተጠቀመ የመጀመሪያው ነው። እዚያ በካሜራ፣ እኛ ጋ በዓይን!

እሷ፦ እሱስ ያናድዳል። ግን ንዴት የት እንደሚያደርስ እይ፤ በሚያዝያ 2010 ወልዋሎ ከመከላከያ ሲጫወቱ በጎል ሰበብ ዳኛው ሜዳ ላይ ተደበደበ። ፌዴሬሽኑ ውድድር እስከማቋረጥ ደረሰ።

እሱ፦ ነውር ነው! የቪዲዮ ረዳት ዳኛው፣ ቫር፣ ቢኖር ግን...

እሷ፦ በ2011 ቱኒዚያ ላይ በአፍሪካ ሻምፒዮንስ ሊግ ፍጻሜ ነበረ እኮ፤ አልሠራም እንጂ! የዋይዳድ ክለብ ተጫዋቾች «የተሻረው ጎላችን ይታይልን» ብለው ሲያጡ፣ አንጫወትም አሉ።

እሱ፦ መሣሪያውም ተገዝቷል በይኛ! የአድማጭ ስልክ እየጠራ ነው፤ ከዳንግላ ነው። ሄሎ፣ ዳኛ ሳይሰድቡ ይቀጥሉ።