ለማዕድን ተልከው ቀለም ይዘው የተመለሱት ተማሪ

(በደብሩ የምሥረታ በዓል ለወላጆችና ለወጣቶች የቀረበ ንግግር)

በስመ አብ ወወልድ ወመንፈስ ቅዱስ አሐዱ አምላክ፤ አሜን።



ለትምህርት ብሎ ከቤት መውጣት ለቤተ ክርስቲያን ልጆች አዲስ ነገር አይደለም። የቆሎ ተማሪ ደበሎውን ለብሶ፣ አኮፋዳውን አንግቶ፣ ዜማም ሆነ ቅኔ መምህሩ ወዳለበት ሲጓዝ ኖሯል። ነቢዩ ዳንኤልና ሠለስቱ ደቂቅም በባቢሎን ሦስት ዓመት የከለዳውያንን ጽሕፈትና ቋንቋ እንዲማሩ ታዘዙ። ትምህርቱን አልናቁም፤ አምላካቸውንም አልተዉም።

ዛሬም መስከረም ሲጠባ ከየአጥቢያው ልጆች ወደ ዩኒቨርሲቲ ይሄዳሉ። እናት በርበሬውንና ሽሮውን በሻንጣው ውስጥ ስታደላድል አደራውንም አብራ ትሰጣለች። ያ አደራ ግን ብዙ ጊዜ የአንድ ሙያ ስም ብቻ ይሆናል፤ ሐኪም፣ መሐንዲስ፣ ጠበቃ። ልጁ በሁለተኛው ዓመት ደውሎ «ይህ ትምህርት የእኔ አይደለም» ያለ ዕለት በቤቱ ዝምታ ይወርዳል። ስልኩ እየተራራቀ ይሄዳል። ወላጁን ማየት ያፈረ ልጅም ወላጁ ከሚያስቀድስበት ቤተ ክርስቲያን መቅረት ይጀምራል። ስለዚህ የአንድ ተማሪን ታሪክ ማስታወስ ይገባል።

የዓለም ሎሬት አፈወርቅ ተክሌ እ.ኤ.አ. በ1932 በአንኮበር ተወለዱ። ልጅነታቸው በጣሊያን ወረራ ዘመን አለፈ። እ.ኤ.አ. በ1947፣ ከጦርነት የወጣችው አገር ባለሙያ አጥብቃ በምትሻበት ወቅት፣ የማዕድን ምሕንድስና እንዲማሩ ወደ እንግሊዝ ተላኩ። በስንብቱ ዕለት ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ለተማሪዎቹ የሰጡት ምክር እስከ ዛሬ ይነገራል። ሲመለሱ የአውሮፓን ሕንፃ ቁመትና የጎዳናውን ስፋት እንዳያወሩ፣ ይልቁንም አገር የሚገነባ ሙያና ልቡና ይዘው እንዲመጡ ነበር አደራው።

ወጣቱ አፈወርቅ በገቡበት አዳሪ ትምህርት ቤት በሒሳብም በኬሚስትሪም ብርቱ ነበሩ። መምህራኖቻቸው ግን በእጃቸው ያለውን የሥዕል ጸጋ አስተዋሉ፤ አበረታቷቸውም። መንገዳቸው በዚህ ተለወጠ። በለንደን ሴንትራል በተባለው የሥነ ጥበብና የዕደ ጥበብ ትምህርት ቤት፣ ቀጥሎም በስሌድ የሥነ ጥበብ ትምህርት ቤት ተማሩ። ማዕድን እንዲያጠና የተላከ ልጅ ብሩሽ ሲያነሣ ያየ ሰው፣ አደራ በላ ሳይል አይቀርም ነበር።

እ.ኤ.አ. በ1954 በአዲስ አበባ ማዘጋጃ ቤት የመጀመሪያ የሥዕል ዐውደ ርእያቸውን አሳዩ። ከዚያም ዳግመኛ ወደ አውሮፓ ተሻገሩ። በዚህ ሁለት ዓመት በፈጀ ጉዞ በመስኮት መስታወት ላይ በኅብረ ቀለም የመሣልን ጥበብ ተማሩ። በለንደን በብሪቲሽ ሙዚየም፣ በፓሪስ በብሔራዊው ቤተ መጻሕፍት፣ እንዲሁም በቫቲካን የሚገኙትን የኢትዮጵያ የብራና መጻሕፍት ሥዕሎችም አጠኑ። በለንደን ካሉት ብራናዎች ብዙዎቹ እ.ኤ.አ. በ1868 ከመቅደላ የተወሰዱ ናቸው። የአንኮበሩ ልጅ የአባቶቹን ሐረግና ቀለም ፍለጋ የባዕድ ቤተ መጻሕፍት ደጅ መጥናት ግድ ሆነባቸው፤ ጠኑም፤ አገኙም።

ፍሬው በዓይን ይታያል። በገነተ ጽጌ ቅዱስ ጊዮርጊስ ካቴድራል ለጸሎት የሚቆም ምእመን በግድግዳው ላይ ሥራቸውን ያያል። እ.ኤ.አ. በ1961 የተጠናቀቀው የአፍሪካ አዳራሽ የመስታወት ሥዕላቸው 150 ካሬ ሜትር ይሰፋል፤ ያለፈውን፣ የአሁኑንና የመጪውን የአፍሪካ ዘመን ይናገራል። በለንደን የተማሩትና በብራናው ያገኙት በአንድነት ለአገርና ለቤተ ክርስቲያን ገቡ። የተላኩበት የትምህርት ዘርፍ ቀረ፤ አደራው ግን ተፈጸመ።

ወላጆች ሆይ፣ ልጅ መንገድ ሲለውጥ ሁሉ ጸጋ ነው ማለት አይደለም፤ ስንፍናም መንገድ ያስለውጣል። ሁለቱን የሚለየው ድካሙና ፍሬው ነው። ይህንንም ለማየት ስልኩ እንዳይዘጋ ያስፈልጋል። «ስንት አገኘህ?» ከማለት በፊት «ምን እየተማርህ ነው? ልብህ በምን ደስ አለው? ጸሎትህስ እንዴት ነው?» ብላችሁ ጠይቁ። ካህናት አባቶችም አፍሮ የራቀውን ልጅ የንስሐ አባቱ ቀድሞ ቢደውልለት ይመለሳል።

ወጣቶች ሆይ፣ የኢትዮጵያ ብራና በኦክስፎርድም በበርሊንም በፓሪስም አለ። ምሕንድስናም ተማሩ ሕክምና፣ በምትማሩበት ከተማ ካለ አንድ ቀን ሄዳችሁ እዩት። ፊደሉን ያልቆጠረ ግን ብራናውን እንደ ባዕድ ሰው ያያል፤ ሥዕሉ ያምረዋል፣ ቃሉ ያመልጠዋል። በየሰንበቱ በደብሩ አዳራሽ ሕፃናት ሀ ሁ ሲሉ የሚሰማው ድምፅ የዚያ ጉዞ ስንቅ ነው። ያ ድምፅ እንዳይቋረጥ የወላጅ፣ የመምህርና የካህን ኃላፊነት ነው።

የዳንኤልና የሠለስቱ ደቂቅ አምላክ በየትምህርት ገበታው ያሉትን ልጆች ይጠብቅ፤ ፍሬያቸውንም ለማየት ያብቃ።

ወስብሐት ለእግዚአብሔር፤ ወለወላዲቱ ድንግል፤ ወለመስቀሉ ክቡር፤ አሜን።