ተራራን በእግር መጎብኘት



በጀርመን አገር፣ ከራይን ወንዝ ዳር፣ ድራኸንፌልስ የተባለ 321 ሜትር ከፍታ ያለው ኮረብታ አለ። በአናቱ ላይ በ12ኛው መቶ ዓመት የተሠራ ምሽግ ፍርስራሽ ይታያል። በመካከለኛው ዘመን የኮሎኝ ካቴድራል የታነጸው ከዚሁ ኮረብታ በተፈለጠ ድንጋይ ነበር። ይሁን እንጂ ፈለጣው እየገፋ ሄዶ ፍርስራሹን ለአደጋ ስላጋለጠው፣ የፕሩሲያ መንግሥት በ1836 እ.ኤ.አ. የድንጋይ ካባውን ገዝቶ ሥራውን አስቆመ።

ዛሬ ጎብኚው ኮኒግስቪንተር ከተማ ላይ ከባቡር ወርዶ፣ በደን ውስጥ ባለው መንገድ በእግሩ ይወጣል። ጉልበት ላነሰው በ1883 እ.ኤ.አ. የተከፈተው ባለጥርስ ሐዲድ ባቡር አለለት።

ከመዶሻ የተረፈው ተራራ ለመኪና ማቆሚያ ተብሎ እንደገና እንዳይቆረስ፣ የጎብኚው እግር ራሱ ዘብ ይቆምለታል። የቅርስ ጥበቃ በአዋጅ ቢጸናም፣ የሚፈተነው በጎብኚው አካሄድ ነው።