እንግዳ ተቀባይዋም ትቀመጥ፦ ስለ ስፔን የታሸገ አሳና ስለ ታፓስ

(በማኅበራችን የአባላት ስብሰባ ላይ የቀረበ ንግግር)



ዛሬ የምናወራችሁ ስለ ምግብ ነው። ነገሩን ግን ከአንድ ጥፋታችን እንጀምር። ባለፈው ጠቅላላ ጉባኤ ስለ ብድር መመለሻ ጊዜ ተወያይተን በድምፅ ብልጫ ወስነን ነበር። በኋላ ቃለ ጉባኤው ሲነበብ አምስት እህቶች «ይሄ ደግሞ መቼ ተወሰነ?» አሉ። ለካ ወጥ ቤት ነበሩ። ሽንኩርት ሲያቁላሉ፣ ዶሮ ሲበልቱ፣ ቡና ሲያቀራርቡ ጉባኤው አልቋል። ከአምስቱ ሦስቱ ደግሞ ተበዳሪዎች ነበሩ። ስለ ገዛ ዕዳቸው ሲወሰን እነሱ ለእኛ ምሳ እየሠሩ ነበር።

አፈርን። ጉዳዩን እንደገና አንሥተን፣ ሁሉም ባሉበት ድምፅ ሰጠንበት። ጥያቄው ግን አልተፈታም። ሰው ከሩቅ መጥቶ ጦሙን አይመለስም፤ እንግዳን በባዶ ማዕድ ማስቀመጥም ያደግንበት አይደለም። ታዲያ ማን ወጥ ቤት ይቅር? መልሱን ያገኘነው እዚሁ ስፔን፣ ጎረቤቶቻችን ቤት ነው።

እውነቱን እንናገርና፣ መጀመሪያ እሑድ ከምሳ በፊት ጠርተውን የአሳ ቆርቆሮ ከፍተው ሲያቀርቡልን ቅር ብሎን ነበር። «እንግዳ ጠርታ ቆርቆሮ ትከፍታለች?» ብለን በሆዳችን አምተናል። ለእኛ የታሸገ አሳ ማለት የመንገደኛና የተማሪ ምግብ ነው። እዚህ አገር ግን ነገሩ ሌላ ነው። ጥሩ ቆርቆሮ በክብር ይገዛል፣ በክብር ይቀርባል። ዳቦ፣ የወይራ ፍሬና ድንች ቺፕስ አብሮ ይቀመጣል፤ ባለቤቲቱም አብራን ትቀመጣለች። የኋላ ኋላ ልባችንን የነካው ይሄ የመጨረሻው ነው።

ቆርቆሮው ውስጥ ያለው ደግሞ የእኛን ቢጤ ሴቶች እጅ ያየ ነው። በሰሜን ስፔን፣ በካንታብሪያ፣ ሳንቶኛ የምትባል የወደብ ከተማ አለች። አንቾአ የሚባለው ትንሽ አሳ በጸደይ ይጠመዳል። ጭንቅላቱና ሆድ ዕቃው ይወጣል፣ በጨው ተደርድሮ ይከደናል፣ ክብደት ይጫንበታል፤ ከዚያ ወራት ይቆያል። ሥራውን ወደዚያ ያመጡት በ19ኛው መቶ ዘመን መጨረሻ ከሲሲሊ የመጡ ጣሊያኖች ናቸው። ጨው ጠግቦ ከበሰለ በኋላ ግን አሳውን አጥባ፣ ቆዳውን ገፍፋ፣ ለሁለት ከፍላ፣ እሾሁን ለቅማ፣ አንድ በአንድ ዘይት ውስጥ የምትደረድረው ሴት ናት። እስከ ዛሬም በእጅ ነው የሚሠራው። በርበሬ ቀንጥሳ፣ አስጥታ፣ ደልዛ ድልህ ያዘጋጀች ሴት ይሄን ትዕግሥት ሳይነገራት ታውቀዋለች።

በጋሊሲያም እንዲሁ ነው። ባሕሩ ሲሸሽ ጎንበስ ብለው አሸዋ እየጫሩ በርበሬቾስ የሚባለውን ትንሽ ባለዛጎል የሚለቅሙት አብዛኞቹ ሴቶች ናቸው። ስሙ አያሳስታችሁ፤ በርበሬ የለበትም። መኺዮኔስ የሚባለው ጥቁር ባለዛጎል ደግሞ ባሕር ላይ ከሚንሳፈፍ የእንጨት መደብ በተንጠለጠሉ ገመዶች ላይ ነው የሚያድገው። በፋብሪካዎቹም ቆርቆሮ የሚደረድሩት በብዛት ሴቶች ነበሩ፤ ለረጅም ዘመን የተከፈላቸውም ከወንድ ያነሰ ነበር። ስለዚህ ቆርቆሮ ስንከፍት የማንንም ድካም አንንቅ። የእነሱ ሥራ ቀድሞ ስላለቀ ነው እኛ መቀመጥ የቻልነው።

አሁን ወደ ማዕዱ እንምጣ። ባለፉት ስብሰባዎቻችን ያቀረብነው ይሄ ነው።

አንደኛ፣ ዳቦ በቲማቲም። ዳቦውን ጠበስ አድርጎ በነጭ ሽንኩርት ማሸት፣ የበሰለ ቲማቲም ፍቆ መቀባት፣ ጨውና የወይራ ዘይት ጠብ ማድረግ። በላዩ አንድ ሰርዲን ወይም ቦኒቶ ማስቀመጥ። ቦኒቶ ዴል ኖርቴ የሚባለው ሥጋው ነጣ ያለ የቱና ዓይነት ነው፤ በበጋ ይጠመዳል።

ሁለተኛ፣ ኺልዳ። የወይራ ፍሬ፣ በአቼቶ የተዘፈዘፈ ረጅም ቃሪያና አንድ አንቾአ በስቴኪኒ መሰካት ነው፤ ሌላ ሥራ የለውም። ከሳን ሴባስቲያን ከተማ የመጣ ሲሆን፣ ስሙ ሪታ ሄይዎርዝ ከተጫወተችበት እ.ኤ.አ. በ1946 ከወጣው ፊልም የተወሰደ ነው ይባላል። ቃሪያ ስላለው ከሁሉ ቀድሞ የሚያልቀው እሱ ነው።

ሦስተኛ፣ መኺዮኔስ በኤስካቤቼ። በዘይት፣ በአቼቶና ፒሜንቶን በሚባለው ቀይ የበርበሬ ዱቄት የተዘጋጀ ነው። ከድንች ቺፕስ ጋር ይበላል። የቀረውን መረቅ አትድፉት፤ ዳቦ ይጠቀስበታል።

እዚህ ላይ አንድ ነገር እናስታውስ። ከመካከላችን ክንፍና ቅርፊት የሌለውን የባሕር እንስሳ የማንበላ ብዙ ነን። ስለዚህ ባለዛጎሉን ሁልጊዜ በሌላ ትሪ፣ ከራሱ ሹካ ጋር፣ ስሙን ጽፈን እናስቀምጣለን። ጠረጴዛው ላይ መጠጥ ካለም ውኃና ጭማቂ እኩል ይቀመጣል። ሰው ጠርቶ ማሳቀቅ ከአለመጥራት ይብሳል። በጾም አሳ ይበላል አይበላም የሚለውን ክርክር ለአባቶች ትተን፣ በጾም ቀን የወይራ ፍሬ፣ ዳቦ በቲማቲምና የአትክልት ሰላጣ እንጨምራለን።

ስትገዙም ተጠንቀቁ። ያበጠ፣ የሚያፈስ ወይም መጋጠሚያው ላይ የተጨረመተ ቆርቆሮ አይገዛም። አንቾአ በጨው ብቻ የተያዘ እንጂ እንደ ሌላው በሙቀት የተቀቀለ ስላልሆነ ሳይከፈትም ፍሪጅ ይቀመጣል፤ ከመቅረቡ ትንሽ ቀደም ብሎ ይወጣል። ጨው ስለሚበዛበት የደም ግፊት ያለባት እህት አንዷን ቀምሳ ይብቃት። ከተከፈተ በኋላ የተረፈውን ቆርቆሮው ውስጥ አትተዉት፤ ወደ ብርጭቆ ዕቃ ገልብጣችሁ፣ ፍሪጅ አስገብታችሁ፣ ቶሎ ጨርሱት። እንደ ማኅበርም ባለፈ ቁጥር የረከሰውን ብቻ አንምረጥ። ጥሩ ሰርዲን ከመጥፎ አንቾአ ይሻላል።

ስለ ቁጠባ ለምናወራ ሰዎች አንቾአ ሌላም ትምህርት አለው። በቢስካይ ባሕረ ሰላጤ አሳው ተሟጦ ሊያልቅ ሲል፣ ለአጭር ጊዜ ካልሆነ በቀር ከ2005 እስከ 2010 እ.ኤ.አ. ማጥመድ ተከልክሎ ነበር። ለዓሣ አጥማጁም ለፋብሪካ ሠራተኛዋም ከባድ ዓመታት ነበሩ። አሳው ግን ተመልሶ በዛ። የጋራ ሀብት ሲሟጠጥ እጅን መሰብሰብ እንደሚከብድ የብድር ሣጥናችን አስተምሮናል፤ እንደሚያዋጣም እንዲሁ።

እህቶቻችን፣ ዶሮ ወጣችን ይቅር እያልን አይደለም። ለፋሲካ፣ ለእንቁጣጣሽ፣ ለልጅ ክርስትና እንደ ወጉ እንሠራለን፤ ያን ቀን መድከሙም ደስታ ነው። የምንለው ስለ ስብሰባ ቀን ነው። ደጋፊዎቻችንም ስትመጡ ማዕዱ ቀለለብን ብላችሁ እንዳታዝኑብን። ባለፈው ስብሰባ ማዕዱ በግማሽ ሰዓት ውስጥ ቀረበ፤ ቆርቆሮ የከፈተችውም፣ ዳቦ የቆረጠችውም፣ ቲማቲም የፈቀችውም ወንበሯ ላይ ነበረች። ከዚያ አምስት መካከል አንዷ፣ ባለፈው ዶሮውን የሠራችልን፣ እጇን አውጥታ ስለ ብድሩ የመጀመሪያውን ጥያቄ ጠየቀች። መልስ ለመስጠት ተቸገርን። እንዲህ ያለውን ችግር ያብዛልን።

 ማዕዱ ቀርቧል፤ ሁላችሁም ተቀመጡ።