የመጀመሪያ ልብ ወለድ ይዞ ገበያ መውጣት
(በአባላት ስብሰባ ላይ የተደረገ ንግግር)



አንዲት አባላችን ከዓረብ አገር ከተመለሰች ወዲህ ማታ ማታ ስትጽፍ ቆይታ የመጀመሪያ ልብ ወለዷን ጨርሳለች። አርታኢ አይቶላታል። አሁን የማተሚያውን ገንዘብ ከቁጠባችን እንድናበድራት ጠይቃለች። ይህ ገንዘብ እንጀራ ጋግረን፣ በርበሬ አዘጋጅተን፣ ልብስ አጥበን ያጠራቀምነው ነው። ስለዚህ እጃችንን ከማውጣታችን በፊት መጽሐፍ እንዴት ገበያ እንደሚወጣ አብረን እናስብ።

በአገራችን አብዛኛው ደራሲ አሳታሚም ነጋዴም ራሱ ነው። ለማተሚያ ቤት ይከፍላል፣ ለመደብር ያስረክባል፣ ሒሳቡንም እየዞረ ይሰበስባል። ነገሩ የእኛ ብቻ አይደለም። እንግሊዛዊቷ ጄን ኦስተን በ1811 እ.ኤ.አ. የመጀመሪያ ልብ ወለዷን ያሳተመችው ኪሳራ ቢመጣ ራሷ ልትሸከም ተስማምታ ነበር። በርዕስ ገጹ ላይ ስሟ እንኳ አልሰፈረም፤ የአንዲት እመቤት ሥራ መሆኑ ብቻ ነበር የተጻፈው። የመጀመሪያው ዕትም ተሽጦ ሲያልቅ 140 ፓውንድ አተረፈላት።

አሁን ወደ ራሳችን ሒሳብ እንምጣ። ቁጥሩ ለምሳሌ ያህል ነው፤ ትክክለኛውን ዋጋ ማተሚያ ቤቱ ይነግረናል። አንድ ሺህ ቅጂ እያንዳንዱ በ150 ብር ቢታተም ወጪው 150,000 ብር ይሆናል። የሽፋኑ ዋጋ 300 ብር ቢሆንና መደብሩ ከመቶ ሠላሳ ቢወስድ፣ ለደራሲዋ በአንዱ 210 ብር ይደርሳታል። ብድሩን ለመመለስ 715 ቅጂ መሸጥ አለበት ማለት ነው። በእጃችን በቀጥታ ብንሸጠው ግን 500 ቅጂ ይበቃል። «ሃምሳ ሎሚ ለአንድ ሰው ሸክሙ፣ ለሃምሳ ሰው ጌጡ» የሚባለው እዚህ ላይ ነው። አንድ ሺህ መጽሐፍ በአንዲት ሴት አልጋ ሥር ቢከመር ሸክም ነው።

ለመሸጥ ግን መናገር ያስፈልጋል። «ስለ ምንድን ነው?» ብሎ የሚጠይቅ ሰው ከታክሲ እስኪወርድ ድረስ ብቻ ነው የሚያዳምጠን። «ስለ ስደት ነው» ብንለው ብዙ ሰምቷል፤ «ስለ ሕይወት ነው» ብንለው ደግሞ ምንም አልነገርነውም። ስለዚህ ከደራሲዋ ጋር ተቀምጠን እንዲህ አሳጥረነዋል፦ አንዲት ሴት አሥራ አንድ ዓመት በላከችው ገንዘብ የተሠራውን ቤት በወንድሟ ስም ተመዝግቦ አገኘችው፤ በሩን ታንኳኳለች ወይስ መንገዷን ትቀጥላለች? መልሱን አንናገርም። መጽሐፉን የሚያስገዛው እሱ ነውና።

ከዚህ ቀጥሎ የሚመጣውን ጥያቄ ሁላችሁም ታውቁታላችሁ፦ «ያንቺ ታሪክ ነው?» ከተሰብሳቢውም፣ ከጋዜጠኛውም፣ ከለጋሽም ይመጣል። በሽፋኑ ላይ «እውነተኛ ታሪክ» ብለን ብንጽፍ ቶሎ ይሸጥ ይሆናል የሚል ሐሳብ ከመካከላችን ተነሥቶ ነበር። እኛ አልተስማማንበትም። ይህች ሴት ወንድሞች አሏት፤ እናት አለቻት፤ ነገ ለቅሶም ሠርግም አብራቸው የምትቀመጥ ናት። ከዚያም በላይ፣ ያሰበችውንና የፈጠረችውን ሁሉ «ደርሶባት ነው» ካልን የደራሲነቷን ሥራ ወሰድንባት። ወንድ ደራሲ ሲጽፍ «ምን ዓይነት ምናብ!» እንላለን፤ ሴት ስትጽፍ ቁስሏን እንፈልጋለን። ስለዚህ በምረቃው ዕለት የሚጠየቀው ስለ መጽሐፉ ይሁን። የሚያግዙን ወዳጆቻችንም ለሪፖርታቸው ፎቶግራፍ ሲያነሡ መጽሐፏን ይዛ በኩራት የቆመችውን ሴት እንዲያነሡ በአክብሮት እንጠይቃለን።

መጽሐፍን የሚያስወድደው የተነበበው ቃል ነው። በ1958 ዓ.ም. የወጣው የሐዲስ ዓለማየሁ «ፍቅር እስከ መቃብር» ማንበብ ለማይችለው ሰው ሁሉ የደረሰው ወጋየሁ ንጋቱ በሬዲዮ ሲተርከው ነው። እኛም ይህን እንከተል። በምረቃው ላይ ረጅም ንግግር ይቅርና ከመጽሐፉ ሦስት ገጽ ይነበብ፤ ደምፀ መልካም የሆነች አባል ታንብበው፤ ቡናው ሲፈላ፣ በየዕድሩና በየዕቁቡም አንድ ምዕራፍ ይነበብ። ሰው የሰማውን ታሪክ መጨረሻ ለማወቅ ይገዛል።

ሁለት ነገር ደግሞ አደራ እንላለን። መጀመሪያ፣ «እህቴ አይደለሽም ወይ፣ በነፃ ስጪኝ» አንበላት። እንጀራ የምትሸጠውን እህታችንን እንዲህ አንላትም። ሁለተኛ፣ ገጹን በስልክ ፎቶ አንሥቶ በቴሌግራም ማሰራጨት ውለታ አይደለም። የቅጂ መብት አዋጅ ቁጥር 410/1996 ይከለክለዋል፤ ከሕጉም በፊት የብድሩን መመለሻ ከራሳችን ሣጥን መውሰድ ነው።

የምንጠይቃችሁ ይህ ነው። አባላት ብድሩን ስትፈቅዱ የመሸጡንም ሥራ አብራችሁ ፍቀዱ፤ እያንዳንዳችን አምስት ቅጂ ወስደን ሸጠን ገንዘቡን ለሒሳብ ሹሟ እናስረክብ። ለጋሾቻችን ደግሞ ልትረዷት ከፈለጋችሁ በሙሉ ዋጋ ገዝታችሁ ለትምህርት ቤትና ለሕዝብ ቤተ መጻሕፍት ስጡ። በውጭ አገር ያላችሁ እህቶቻችን ከአገር ቤት ስትመለሱ ከበርበሬውና ከሽሮው ጎን ለሁለት ሦስት መጽሐፍ ቦታ አታጡም።

ካነበባችሁት በኋላ ካልወደዳችሁትም ለእሷው ንገሯት። ሁለተኛውን መጽሐፍ ጀምራለች፤ የሚጠቅማት እሱ ነው።

አሁን ወደ ድምፅ አሰጣጡ እንለፍ።